አይጠብቅም

የ«ባልቴቷ» ዓይን መጥፋቱ የታወቀው ገና ጎሕ ሲቀድ ነበር።

ባልቴቷ ሰው አይደለችም፤ ባለ አራት ሞተር፣ ሆደ ሰፊ የጦር ኃይል የጭነት አውሮፕላን ናት። ስሙን ያወጡላት መካኒኮች ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት እርሷን ለማስነሣት የሚደረገው ልመናና ማባበል ጉልበቷን ለሚያማት አሮጊት ከሚደረገው አያንስም ነበርና። አብረዋት ከተገዙት እህቶቿ ከፊሎቹ ለመለዋወጫ ሲባል ተፈታትተው በሜዳው ዳር አጽማቸው ብቻ ቀርቷል። እርሷ ግን ዕድል ቀናት፤ እድሳት ደረሰላት። የዛገ ላሜራዋ ተለወጠ፣ ሽቦዋ እንደገና ተዘረጋ፣ ሞተሮቿ ወርደው ተጠገኑ። በመርፌ ይጠቁሙ የነበሩት ክብ መለኪያዎቿም ተነቅለው፣ ከፍታን፣ ፍጥነትንና አቅጣጫን በአንድ ስክሪን የሚያሳይ አዲስ መሣሪያ ሊገጠምላት ተወሰነ። «ዓይኗ» የተባለው ይህ መሣሪያ ነው። በማግስቱ ሳይሆን በሠልስቱ ጠዋት ገምጋሚ ኮሚቴ ቆሞ እያየ ከበረረች፣ የተረፉት እህቶቿም ይታደሳሉ፤ ካልበረረች ሁሉም ለቁርጥራጭ ብረት ይሸጣሉ።

ከከተማው ፖሊስ የተጠራችው መርማሪ አውሮፕላኗ ወደምታድርበት ሃንጋር ስትገባ፣ የጦር ሰፈሩ አዛዥ ከመውጫ መሰላሏ ሥር ቆመው አገኘቻቸው። ሰላምታውን አሳጥረው ወደ አብራሪዎቹ ክፍል ይዘዋት ወጡ። በመሣሪያ ሰሌዳው መካከል አራት ማዕዘን ቀዳዳ አፉን ከፍቶ ቀርቷል፤ ከውስጡም ሽቦዎች ተንጠልጥለዋል። መሣሪያው የለም፤ ካሳ የሚሉት ማሸጊያ ሣጥኑም አብሮ ጠፍቷል። ከቀዳዳው ጎን፣ በጥቁሩ ሰሌዳ ላይ፣ በነጭ ጠመኔ አንዲት ቃል ተጽፋለች፦

አይጠብቅም።

አዛዡ ቃሏን «ብ»ን በከንፈራቸው ረግጠው አነበቧት። ሌባው ሰርቆ አልበቃው ብሎ በጥበቃው ላይ ተሳልቋል ማለት ነው፣ አሉ፤ ዘበኛው አይጠብቅም ሲል። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይህች ቃል ከሃንጋሩ እንዳትወጣ አዘዙ። መሣሪያ መጥፋቱ ጉዳት ነው፤ በጠመኔ መሰደብ ግን ውርደት ነው፣ ኮሚቴው ከሰማ ደግሞ የሰፈሩ ስም አለቀለት።

መርማሪዋ ቃሏን ትታ ሽቦዎቹን ትመለከት ነበር። እያንዳንዱ ጫፍ በፕላስተር ተጠቅልሏል፤ አንድም የተበጠሰ የለም።

«ጌታዬ፣» አለች፣ «ቁስል አስሮ የሚሄድ ሌባ አይተው ያውቃሉ?»

አዛዡ አላዩም። ቢሆንም የሃንጋሩ ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ እንደነበረ፣ ያም ሰው አሁን በዘብ ቤቱ ተይዞ እንደተቀመጠ ነገሯት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ አዛዡም አጥሩ የተነቀነቀው ባለቤቱ ስለተናቀ ነው ብለው ደምድመዋል።

*

የሃንጋሩን ዘበኛ ሁሉም የሚያውቃቸው «አባ ንቁ» በሚል ስም ነው። በዘብ ላይ ሲያንቀላፉ ያያቸው ሰው የለም፤ አሁንም ቀበቷቸውና ቆባቸው ተወስዶባቸው በእንጨት ወንበር ላይ የተቀመጡት ጀርባቸውን ሳያስደግፉ ነው። በዚያው ሳምንት ጡረታ ይወጣሉ።

መርማሪዋ ማን እንደገባና ማን እንደወጣ ጠየቀቻቸው፤ እርሳቸውም ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ተናገሩ። አመሻሽ ላይ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ከአውሮፕላኗ ወርዶ እየሮጠ ወጣ፤ ሰላምታ ሳይሰጥ ማለፉ ገርሟቸዋል። የጭነት መጋዘኑ ጣሪያ በጥገና ላይ ስለሆነ ጭነቱ የሚያድረው በሃንጋሩ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ጎሕ ሳይቀድ ጫኚዎቹ እንደ ወትሯቸው ጋሪያቸውን እየገፉ መጥተው የራሳቸውን ጭነት ወስደዋል። ከዚያ በቀር ዝንብ አልገባም።

«መቼም አንተም እጅህ አለበት ብለው ያስባሉ፤» አሉ። «ያስቡ። ሌባ የሚለኝን እሟገተዋለሁ፣ ልጄ። አዛዡ እንደነገሩኝ አይጠብቅም ብሎ የጻፈብኝን ግን ምን ብዬ ልሟገተው? ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ሥራ እርሱ ብቻ ነው።»

የመርማሪዋ ዓይን ወደ ጫማቸው ሄደ፤ ጫማው ለዘብ ከሚገባው በላይ ተወልውሏል። ስለምን እንደሆነ ስትጠይቃቸው እንደ ማፈር አሉ። አዛዡ ቃል ገብተውላቸው ነበር፤ ባልቴቷ ታድሳ በምትበርበት ቀን ተሳፋሪ ሆነው እንዲወጡ።

«ስትነሣ አይቻታለሁ፤ ስታርፍም አይቻታለሁ። እላይ ስትሆን ምን እንደምትመስል ግን አላውቅም።» ወደ መስኮቱ ዞር አሉ። «አሁንማ ተጠርጣሪ ማን ያሳፍራል?»

መርማሪዋ ከዘብ ቤቱ የወጣችው ከገባችበት እርምጃ ፈጥና ነበር።

*

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ራሱን በራሱ የጠቆመ ሰው ነው። አዲስ አውሮፕላን የሚያሻሽጥ ደላላ ከከተማው ሆቴል አርፎ፣ ቀን ቀን በመኮንኖቹ ክበብ እየዋለ፣ የባልቴቷን ሞት ሲያውጅ ሰንብቷል። ከአንድ ቀን በፊትም በክበቡ ያለው ሰው ሁሉ እየሰማው፣ «ይቺ አሮጊት ኮሚቴውን ሳታይ ታሸልባለች» ብሎ ነበር።

መርማሪዋ ከክበቡ ጥግ አገኘችው። ክራቫቱ ላይ የደረቀ ነጭ ነገር ተጣብቋል፤ ልቧ ጠመኔ ነው አላት። የት እንዳደረ ስትጠይቀው መልሱን ለመናገር ብዙ ተቅለሰለሰ። በመጨረሻ እንደተናዘዘው፣ ያደረው በሆቴሉ ሊፍት ውስጥ ተዘግቶበት ነው፤ አብሮት የተዘጋበት ደግሞ ለሰርግ የታዘዘ ኬክ የያዘ ጋጋሪ ነበር። ርሃብ ሲጸናባቸው ኬኩን ከላይኛው ፎቁ ጀምረው በሉት። ሆቴሉ ተጠየቀ፤ ነገሩ እውነት ሆነ። ጋጋሪው እንዲያውም ደላላው ሙሽሪትንና ሙሽራውን ሳይቀር እንደበላቸው መሰከረ፤ ከስኳር የተሠሩ ነበሩና።

«ሊፍቱ አዲስ ነው?» ስትል ጠየቀችው።

«ባለፈው ወር የተገጠመ።»

«አየህ፣» አለችውና ተነሣች፤ «አዲስ መሆን ብቻውን አያወጣም።»

ሰው የሚጠገነውን ጥሎ የሚያብረቀርቀውን ሲያሳድድ ይኖራል፤ የሚያብረቀርቀውም በተራው ይዘጋበታል።

*

ከክበቡ ወደ ጭነት ሜዳው ተሻገረች። የጫኚዎቹ አለቃ፣ በትከሻው ስፋት ምክንያት «ክሬን» የሚባለው፣ ካሳዎች ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይገምጥ ነበር። ሲያያት ተነሥቶ በክርኑ ሰላም አላት፣ እጁ በጠመኔ ነጭ ሆኗልና። በዙሪያው ባሉት ካሳዎች ላይ ሁሉ የእርሱ እጅ ጽሑፍ ይታያል፦ «ተሰባሪ»፣ «ይቆያል»፣ «በዚህ በኩል ወደ ላይ»።

የማይገባችሁን ካሳ በስሕተት ነክታችሁ ይሆን ወይ አለችው። ክሬን የተሰደበ ያህል ቆጠረው።

«እህቴ፣ ምልክት የሌለበትን ካሳ እጃችን አይነካም። ምልክት ያለበትን ደግሞ እጃችን አይለቅም። ዛሬ ጠዋት የጫንነው ሁሉ ምልክት ያለበት ነው፤ ተራራው ላይ ወዳለው ክሊኒክ ሄዷል። ከፈለግሽ ልማል።»

አላስማለችውም፤ ዓይኑ የሚዋሽ ሰው ዓይን አልነበረም። በሰሌዳው ላይ ስላለችው ቃል ልትጠይቀው ከንፈሯ ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን የአዛዡ ትእዛዝ ትዝ አላትና ዋጠችው። የዋጠችው ነገር አንድ ሙሉ ቀን እንዳስከፈላት በኋላ ታውቃለች።

በዚያ መካከል ሬዲዮኛዋ፣ ቀጭን ድምፅና ወፍራም መነጽር ያላት ልጅ፣ እየተነጫነጨች በአጠገባቸው አለፈች። የክሊኒኩ ሐኪም ዛሬ ደግሞ አላስቀምጣት ብሏል፤ «የላካችሁልኝን ነገር ከበሽተኛው ጋር የማገናኘው ከየት በኩል ነው?» እያለ።

«ሽሮፑን ይሆናላ፣» አለ ክሬን። «በአፍ በኩል በይው።»

ሁለቱም ሳቁ፤ መርማሪዋም አብራ ሳቀች። ተራራ ላይ ብቻውን የሚኖር ሰው ቀልድ ቢያምረው ማን ይፈርድበታል?

*

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የበረታ ነበር። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ለሙያውም ለቅጥነቱም «ሽቦ» የሚሉት፣ ጠዋት ሥራ አልገባም። ስልኩ ዝግ ነው። ቤቱ ስትሄድ በሩ ተቆልፏል፤ ጎረቤቱ እንደነገረቻት ሰውዬው ማታ መጥቶ፣ ሻንጣ አንጠልጥሎ፣ ሸሚዙን ገልብጦ እንደለበሰ በታክሲ ሄዷል። ወዴት እንደሄደ አታውቅም፤ ወደ መንደሩ ከገባች ገና ሳምንቷ ነው።

አዛዡ ይህን ሲሰሙ እጃቸውን አፋተጉ። ሌባው ተገኘ፣ ዘበኛውም ተባባሪው ነው፤ ሰላምታ ሳይሰጠው ያለፈውም የሚተዋወቁ እንዳይመስል ነው፣ አሉ። ነገሩ ሲደረደር ያምር ነበር። መርማሪዋ ግን የተጠቀለሉት የሽቦ ጫፎች ከዓይኗ አልጠፋ አሏት። የሚሸሽ ሰው ጊዜውን በፕላስተር አያጠፋም፤ ጊዜ ያለው ሰው ደግሞ ሸሚዙን ገልብጦ አይለብስም። ያችስ ቃል? ሰርቆ የሚያመልጥ ሰው ዘበኛ ለመስደብ ጠመኔ ሲፈልግ ታያት፤ አልዋጥልሽ አላት።

*

መርማሪዋ የምትኖረው ከአባቷ ጋር ነው። አባቷ ጡረታ የወጡ የሰዋስው መምህር ናቸው፤ ልጃቸው ወንበዴ ማርካ ብትመለስ እንኳ፣ ስትተርክ የግሡን መድረሻ ካሳሳተች የሚያርሟት እርሱን ነው። በዚያ ምሽት ወደ ቤት ስትገባ መምህሩ በወጥ ቤቱ መሬት ላይ ተንበርክከው ከቧንቧው ጋር ይታገሉ ነበር። እጅጌያቸው እስከ ክርናቸው ርሷል፤ ውሃው ግን ጠብ ማለቱን አልተወም።

ራት ቀረበ። መርማሪዋ አልበላ አላት። አባቷ ምን እንደሆነች ሲጠይቋት፣ ትእዛዙ ትዝ ቢላትም፣ ጣቷን ከፈሰሰው ውሃ ነክራ ቃሏን በጠረጴዛው ላይ ጻፈችላቸው።

«አንዲት ቃል አሠቃየችኝ፣ አባዬ። ይህችውልህ።»

መምህሩ መነጽራቸውን አደረጉና አነበቡ፤ ወዲያውም ወደ ቧንቧው በቁጣ ተመለከቱ።

«እሱማ አይጠብቅም! ጎሚኒው አልቋል። ከጠዋት ጀምሮ ባዞረው ባዞረው…»

«ቆይ።» ሹካዋን አስቀመጠች። «አሁን እንዴት አድርገህ አነበብከው?»

«እንደተጻፈው ነዋ።»

«‹ብ›ን አላላሃት እኮ፣ አባዬ።»

መምህሩ ቃሏን እንደገና አዩዋት፤ መጀመሪያ አላልተው፣ ቀጥሎም አጥብቀው በከንፈራቸው ሞከሯት። ከዚያ ፊታቸው በራ። ተማሪዎቻቸው ለዘመናት ሲያፋሽጉበት የኖረው ትምህርት በመጨረሻ ለፖሊስ አስፈልጓል።

«ፊደላችን ድምፁን ሁሉ ይጽፋል፤ መጥበቅና መላላቱን ግን አይጽፍም። እርሱን ለአንባቢው አደራ ይሰጣል። ‹ብ› ከጠበቀች ቃሉ መጠበቅ ነው፤ ዘበኛ ይጠብቃል። ‹ብ› ከላላች ቃሉ መጥበቅ ነው፤ ብሎን ይጠብቃል። እንግዲህ ዕፁብ ነው፦ ዘበኛ የሚጠብቀው ጠብቆ፣ ብሎን የሚጠብቀው ላልቶ!»

መርማሪዋ ተነሥታ ግንባራቸውን ሳመቻቸው። ከዚያ በኋላ ራቷን ብቻ ሳይሆን የእርሳቸውንም በላች።

*

በማግስቱ ከመካኒኮቹ ካቻቪቴና አንድ ብሎን ተበድራ ወደ አብራሪዎቹ ክፍል ወጣች። በቀዳዳው ማዕዘናት አራት የብሎን ማስገቢያዎች አሉ። በአንደኛው ሞከረችው፣ ያዘ፤ በሁለተኛው ያዘ፤ በሦስተኛውም ያዘ። ቃሏ ከተጻፈችበት ጎን ባለው በአራተኛው ግን ብሎኑ እንደ ሥራ ፈት ዞረ፣ ዞረ፣ መጨረሻ የለውም። ሰሌዳው አዲስ ነው፤ የተሸከመው ብረት ግን የባልቴቷ የራሷ አሮጌ አጥንት ነበርና ጥርሱ ተበልቷል።

ስድብ አልነበረም፤ ሕመም ነበር። ሕመሙንም የጻፈው ያየው ሰው ነው።

ሻንጣ አንጠልጥሎ፣ ሸሚዙን ገልብጦ፣ ሰላምታ ረስቶ የሚሮጥ ሰው ከሌብነት ሌላ ወዴት ይሮጣል? መርማሪዋ ይህን ጥያቄ ለራሷ በጠየቀች ጊዜ ሳቋ መጣ። በቀጥታ ወደ ከተማው ሆስፒታል ሄደች።

ሽቦ በማዋለጃው ክፍል ኮሪደር ላይ፣ ሸሚዙ ዛሬም እንደተገለበጠ፣ በጨርቅ የተጠቀለለች ሕፃን ታቅፎ እንደ ሐውልት ቆሞ ነበር፤ ብነቃነቅ ትነቃለች ብሎ ፈርቷል። መርማሪዋ መታወቂያዋን ብታሳየው እጁን ማንሣት ስላልቻለ በዓይኑ ሰላም አላት።

በሹክሹክታ የተናገረው ይህ ነው። የሚስትህ ምጥ መጣ ተብሎ ሲደወልለት መሣሪያውን ሊገጥም እየሞከረ ነበር፤ አራተኛው ብሎን ግን አልይዝ አለው። መሣሪያውን አውጥቶ፣ የሽቦዎቹን ጫፍ አሽጎ፣ በካሳው መልሶ ከመሰላሉ ሥር አስቀመጠው። እንደ መካኒክ ደንብም ብልሽቱን በቦታው በጠመኔ ጻፈ። ተረኛው ወደ ላይ ሳይወጣ ካሳውን ቢያነሣው እንኳ እንዲያውቅ፣ በካሳው ክዳን ላይም ያችኑ ቃል ደገማት። ስልኩ በታክሲው ውስጥ እንዳለ ባትሪው ሞተ፤ ከዚያ ወዲህ ዓለም መኖሩንም ረስቷል።

«ማን ያነበዋል ብለህ ነው እንዲህ በአንዲት ቃል የተውከው?»

«የኛ ሰው ነዋ፣» አለ ሽቦ። «የኛ ሰው መቼ ይሳሳታል?» ከዚያም ወደ ሕፃኗ አየ። «ደግሞስ የት ጊዜ ነበረኝ? እሷም አትጠብቅም።»

ይህኛውን አጥብቆ ነበር ያለው። የሰው ልጅ ሁሉ የሚጽፈው ለገዛ ወገኑ ነው፤ የሚያነበው ግን ሌላው ነው። ጥፋትም የሚወለደው ከዚህ መካከል ነው።

*

ክሬን ካሳዎቹ ላይ ቆሞ አገኘችው። በዚህ ጊዜ ምንም አልዋጠችም። ጠመኔውን ከእጁ ተቀብላ፣ ባዶ ክዳን ላይ ቃሏን ጻፈችና እንዲያነብላት ጠየቀችው።

«ይቺማ የኛ ቃል ናት፣» አለ ክሬን፤ «ብ»ንም እንደ ከባድ ጭነት አጥብቆ አነሣት። «አይጠብቅም ማለት በመጀመሪያው በረራ ይሄዳል ማለት ነው። ክትባት አይጠብቅም፣ ደም አይጠብቅም። ትናንት ጠዋት እንዲያውም አንድ…»

እዚህ ላይ ቆመ። ፊቱ ከእጁ በላይ ነጣ።

«ከመሰላሉ ሥር የነበረ፣» አለች መርማሪዋ።

«አድራሻ አልነበረበትም፤» አለ በቀስታ። «እንግዲህ የሚጣደፍ ሁሉ የክሊኒኩ ነው ብዬ… እህቴ፣ እንደ እንቁላል ነው ተሸክሜ የጫንኩት። ምንም ነገር በዚያ ጥንቃቄ ተሰርቆ አያውቅም።»

ወደ ሬዲዮ ክፍሉ ሁለቱም ሮጡ፤ ክሬን ሲሮጥ ወለሉ ይሰማ ነበር። ሬዲዮኛዋ መነጽሯን እንኳ ሳታስተካክል ሐኪሙን ጠራችው። የሐኪሙ ድምፅ ከተራራው ላይ እየተቆራረጠ መጣ፤ በጣም ተናዶ ነበር። የላካችሁልኝ የልብ መመርመሪያ ስክሪኑ ግሩም ነው፣ አለ፤ ነገር ግን በሽተኛው ላይ የሚለጠፈው ገመድ አብሮት አልመጣም። ከትናንት ጀምሮ ስጠይቅ ትስቁብኛላችሁ።

መርማሪዋ የሬዲዮውን መነጋገሪያ ተቀበለች።

«ዶክተር፣ ያ መሣሪያ የሚለካው ከፍታ ነው።»

«ታዲያ ለዚህ ነው፣» አለ ሐኪሙ፣ «የከፈትኩት ቀን በሽተኛዬ አሥር ሺህ ጫማ የሚለውን አይቶ ከአልጋው ዘሎ የወረደው።»

*

መሣሪያው ተገኘ፤ ያለው ግን ከተራሮቹ ማዶ ነው፤ በረራው ደግሞ በማግስቱ ጠዋት። ወደዚያ ልትሄድ የምትችለው የባልቴቷ «ታናሽ» ብቻ ነበረች፤ እድሳት ያልነካት፣ ክብ መለኪያዎቿ ገና በመርፌ የሚጠቁሙ፣ በክሊኒኩና በሰፈሩ መካከል ክትባት ስታመላልስ የኖረች። ሦስት ሞተሮቿ ተነሡ፤ አራተኛው ግን አልነሣ አለ። መካኒኮቹ ከበው ለመኑት፣ ሰደቡት፣ እንደገና ለመኑት። አዛዡ ሳይቀሩ ቆባቸውን አውልቀው፣ ማንም አልሰማኝም ብለው፣ «እባክሽ እናቴ» ሲሉ ተሰሙ። አራተኛው ሞተር አንድ ጊዜ አስነጠሰና ዞረ። ሜዳው ሁሉ አጨበጨበ። የታደሰችውን ልታድን የሄደችው ያልታደሰችው ነበረች፤ ይህን አዛዡ በኋላ ለኮሚቴው አልሸሸጉም፣ ለእህቶቿ መታደስም ከዚህ የተሻለ ምስክር አላገኙም።

ታናሿ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሰች። በሆዷ ውስጥ፣ በክሊኒኩ ንጹሕ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ያ ካሳ ነበረ። መካኒኮቹ እስከዚያ የተበላውን ማስገቢያ ሰርስረው አዲስ ጥርስ አውጥተውለት ስለነበር፣ አራተኛው ብሎን ገባና ያዘ። ቃሏ በእርጥብ ጨርቅ ተጠረገች።

መርማሪዋ ግን ከዚያ አስቀድማ ወደ ዘብ ቤቱ ሄዳ ነበር። አባ ንቁ ከዚያው ወንበር ላይ፣ ጀርባቸው እንደቆመ፣ አገኘቻቸው። ሁሉንም በተራ ነገረቻቸው፤ እርሳቸውም እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ ሰሙ።

«እንግዲያስ የተሰደበው ብሎኑ ነው፣» አሉ።

«ብሎኑ ነው፣ አባባ።»

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባቸውን አስደገፉ። ትንሽ ቆይተው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ መርማሪዋ እያለቀሱ መስሏት ቀረብ ስትል፣ የሚስቁ ሆነው አገኘቻቸው። አዛዡ ገብተው ቀበቶውንና ቆቡን በገዛ እጃቸው መለሱላቸው። ብዙ ሊናገሩ አስበው መጥተው ነበር፤ የወጣቸው ግን «አጥብቄ አነበብኩት፣ አባ ንቁ» የሚል ብቻ ሆነ። አባ ንቁም ይቅር አሉ፤ አዛዡ እኮ ሁሉንም ነገር ያጠብቃሉ።

*

በሠልስቱ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ኮሚቴው በሜዳው ዳር ቆመ። ደላላውም ክራቫቱን ለውጦ መጣ፤ በደረጃ ነበር የወረደው። ሽቦ ሸሚዙን አስተካክሎ ለብሶ በመሰላሉ ሥር ይጠብቃል፤ ከፊሉ ልቡ ገና በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ነው። መርማሪዋ አባቷን ይዛ መጥታለች፤ መምህሩ ቃሏ የተጻፈችበትን ቦታ ካላየሁ ብለው ነው፣ ጠርገዋታል ሲባሉም ከልብ አዘኑ።

አባትና ልጅም እንዲሳፈሩ ተፈቀደላቸው። በባልቴቷ ሆድ ውስጥ፣ በጎን በኩል በተዘረጋው የሸራ መቀመጫ ላይ፣ አባ ንቁ ጫማቸውን ገጥመው፣ እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሞተሮቹ አንድ በአንድ ተነሡ፤ አንዳቸውም አልተለመኑም። ከፊት በኩል አዲሱ ስክሪን ቦግ ብሎ በራ።

ክሬን ቀበቶዎቹን እየነካካ በመደዳው መጣ። ከአባ ንቁ ፊት ሲደርስ ጎንበስ ብሎ የሽማግሌውን ቀበቶ ሳብ አደረገና፣ በሞተሩ ጩኸት መካከል ጠየቃቸው፤ «ብ»ን አላልቶ፣ ስለ ቀበቶው።

«አባ ንቁ፣ ይጠብቃል?»

ሽማግሌው ከቆባቸው ሥር ቀና ብለው አዩት። ባልቴቷ መንደርደር ጀምራለች፤ ሃንጋሩ፣ ዘብ ቤቱና ያ የእንጨት ወንበር በመስኮቱ በኩል ወደ ኋላ ይሸሻሉ።

«ይጠብቃል፣» አሉ፤ መንኮራኩሮቿም መሬቱን ለቀቁ።

መምህሩ በልጃቸው ጆሮ ጎንበስ አሉ።

«ሰማሽ?» አሏት። «አጠበቁት።»